ቁልፉ በማን እጅ ነው? የክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ የሚሠራበትና የማይሠራበት ምክንያት

በ1990ዎቹ መገባደጃ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ወይም የተማረ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። ደወል ተደውሎ ከ60 የሚበልጡ ተማሪዎች በየዴስካቸው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የክፍል አለቃው ፕላዝማ ቴሌቪዥኑ የተቆለፈበትን ሣጥን ከፍቶ ያበራዋል፤ መምህሩ የዕለቱን ርዕስ በጠመኔ ጽፎ ሳይጨርስ በስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥርት ባለና በፈጠነ እንግሊዝኛ ትምህርቷን ትጀምራለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የመልመጃ ጥያቄ ይቀርብና የሚሰጠው ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። ተማሪዎቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ ጊዜው ያልቃል፤ መልሱ ይመጣል፤ እሱም ሳይገለበጥ ይጠፋል። እኔ በዚያ ክፍል ጥግ ጠመኔ ይዘው ከሚጠብቁት መምህራን አንዱ ነበርሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ከሁለተኛው መስመር ወደ ሦስተኛው እንዴት እንደሄደ አልገባኝም» ስትለኝ ልሰጣት የምችለው መልስ «ሲያልቅ እነግርሻለሁ» የሚል ብቻ ነበር። ሲያልቅ ደግሞ ደወሉ ይደወላል።

ያ ስክሪን በመሣሪያነቱ የሚነቀፍ አልነበረም። ምስሉ ጥሩ ነበር፤ ሥዕላዊ መግለጫዎቹ በጠመኔ ልንሠራቸው ከምንችለው ሁሉ ይበልጡ ነበር፤ የሕዋስ ክፍፍልን ወይም የሞገድን እንቅስቃሴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማሳየት የሞከረ መምህር ይህን አይክድም። የጎደለው አንድ ነገር፣ ማቆሚያ ቁልፍ፣ ነበር። ትምህርቱ ከሳተላይት በቀጥታ የሚወርድ ስርጭት ስለነበር በመላ አገሪቱ ያሉ ክፍሎች በአንድ ፍጥነት አብረው መሄድ ነበረባቸው፤ ያልገባው ተማሪም ሆነ የገባው፣ መብራት የጠፋበትም ሆነ ያልጠፋበት ትምህርት ቤት ለስርጭቱ ልዩነት አልነበረውም። ስለ ታብሌት፣ ስለ ስማርት ቦርድ ወይም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንነጋገርም ከዋጋውና ከፍጥነቱ በፊት ቢጠየቅ የሚሻለው ይኸው ነው፤ ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ትምህርቱን ማን ያቆመዋል? ወደ ኋላስ ማን ይመልሰዋል?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የማስተማር ሥራ ዋና ክፍል እዚህ ላይ ነው። መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሲያብራራ ከሚያጠፋው ጊዜ ያላነሰ ፊት በማንበብ ያጠፋል። በሦስተኛው ረድፍ ያለው ልጅ እስክሪብቶውን አስቀምጦ መስኮት መስኮቱን ሲያይ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሲንሾካሾኩ፣ ሁልጊዜ የምትመልሰዋ ልጅ ዛሬ ዝም ስትል መምህሩ ይቆምና ሌላ ምሳሌ ያመጣል፤ አንዳንዴም ምሳሌውን ትቶ ካለፈው ሳምንት ትምህርት ይጀምራል። ይህን ማስተካከያ የሚያፈርስ መሣሪያ የቱንም ያህል የሚያምር ቢሆን ትምህርት ይቀንሳል፤ የሚያግዝ መሣሪያ ግን ተራ የእጅ ስልክም ቢሆን ይጨምራል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ከተለያዩ አገሮች የተገኙ ውጤቶች እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ የሚመስሉት መሣሪያውን ብቻ ስንመለከት ነው።

ወደ ፕላዝማው ስንመለስ፣ ዕቅዱ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ገደማ ሲጀመር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት እየተስፋፉ፣ በሒሳብና በሳይንስ የሠለጠኑ መምህራን ግን እጅግ እያጠሩ ነበር፤ በአንድ የገጠር ከተማና በአዲስ አበባ በሚገኝ ተማሪ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ጥሩ ስርጭት ማጥበብ ይቻላል የሚለው ሐሳብም በወረቀት ላይ የሚያሳምን ነበር። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ በሚገኝ ድርጅት ተዘጋጅተው በእንግሊዝኛ ይቀርቡ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ ለስርጭቱ ሲውል ለመምህሩ ከመግቢያው ጥቂት፣ ከመዝጊያውም ጥቂት ደቂቃዎች ይቀሩለት ነበር። መምህር ለሌለው ክፍል ይህ ከምንም ይሻላል፤ መምህር ላለው ክፍል ግን የተሰጠው ነገር ከተወሰደበት ያንስ ነበር።

የዚያን ጊዜ አንድ የፊዚክስ ባልደረባዬ ከስርጭቱ የተቀዱ ጥቂት ትምህርቶችን በዲቪዲ አግኝቶ በአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ከሰዓት በኋላ ለሚመጡ ተማሪዎች ያሳይ ነበር። ፊልሙ ያው ፊልም፣ መምህርቷም ያቺው መምህርት ነበረች። ሪሞቱ ግን በእሱ እጅ ነበር። ሦስት ደቂቃ አሳይቶ ያቆማል፤ «አሁን ምን አለች?» ብሎ በአማርኛ ይጠይቃል፤ አንድ ተማሪ ይመልሳል፤ ሌላው ያርመዋል፤ ከዚያ ይቀጥላል። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ የወሰደው ትምህርት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር፤ ይሁንና ያን ጊዜ ወደ ክፍሉ የሚመጡት ተማሪዎች ቁጥር በየሳምንቱ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ወንበር ጠፋ።

በዚያው ዘመን ዓለምን ያነጋገረው ሌላው ሐሳብ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚለው ነበር። በአሜሪካው የኤምአይቲ ተቋም የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ቡድን በ100 ዶላር የሚሸጥ የልጆች ኮምፒውተር እንሠራለን ብሎ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ምርት ሲገባ ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ኤክስኦ የተባለችው ይህች አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ በእውነቱ አስደናቂ ሥራ ነበረች። ስክሪኗ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፤ ኪቦርዷ አቧራና ውኃ እንዳያስገባ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ እንደ ጥንቸል ጆሮ ወደ ላይ የሚቆሙት አንቴናዎቿ በአቅራቢያ ካሉ ሌሎች ላፕቶፖች ጋር ያለ ኢንተርኔት ያገናኟታል፤ የአማርኛ ፊደል ኪቦርድም ተሠርቶላት ነበር። ወደ ኢትዮጵያም ጥቂት ሺዎች መጥተው በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ተሞክረዋል።

ትልቁን መጠን የገዛችው ፔሩ ስትሆን ከ8 መቶ ሺህ በላይ ላፕቶፖችን አከፋፍላለች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን መርጠው ላፕቶፕ ያገኙትንና ያላገኙትን አነጻጸሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ውጤትም ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና ልዩነት እንዳልታየ የሚያሳይ ነበር። ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል፤ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎችም ላይ ጥቂት መሻሻል ታይቷል፤ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ግን እንደነበረ ቀጥሏል። መምህራኑ ላፕቶፑን ከዕለቱ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚያያይዙት በበቂ ሁኔታ አልሠለጠኑም፤ ኢንተርኔትም በአብዛኞቹ መንደሮች አልነበረም። በዚህ ጊዜ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ በልጁ እጅ ነው፤ መምህሩ የሚያስተምረውና ልጁ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ነገር ግን አልተገናኙም። ፕላዝማው መምህሩን ዝም አሰኘው፤ ላፕቶፑ ጥሎት አለፈ።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ ስሟ የሚነሣው የእኛዋ ወንጪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የኔግሮፖንቴ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ 40 ያህል ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ ምንም መመሪያ፣ በካርቶን እንደታሸጉ ሰጠ። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ የፊደላት መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተቆለፈውን ካሜራ ከፍተው ይጠቀሙበት ጀመር። ዜናው በዓለም ዙሪያ በአድናቆት ተሠራጨ። የልጆቹን ንቃት የሚጠራጠር ካለ የገጠር ልጅ አያውቅም ማለት ነው፤ እረኛ ልጅ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥምበት አገር ነው። ሆኖም ታብሌት መክፈት ማንበብ መቻል አይደለም። አንድ ሕፃን አንድን ፊደል ከድምፁ ጋር አገናኝቶ፣ ድምፆችን አጣምሮ ቃል፣ ቃላትን አጣምሮ ዐረፍተ ነገር እስኪያነብ ድረስ ያለው መንገድ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ይፈልጋል፤ የፊደላት መዝሙር የመንገዱ የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ ነው።

የተሳካውን ለማየት ወደ ዴልሂ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ስለሚጠልቅ ትንሽ እንቆይ። በሕንድ ዋና ከተማ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሠፈሮች በሚገኙ ማዕከላት ማይንድስፓርክ የተባለ የኮምፒውተር ትምህርት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሰጥ ነበር። ካርቲክ ሙራሊድሃራን፣ አብሂጂት ሲንግና አሌሃንድሮ ጋኒሚያን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ600 በላይ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹ በነጻ እንዲገቡ አደረጉ። ጥናቱ ሲጀመር ያገኙት ነገር ራሱ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ በአማካይ ከክፍላቸው 2 ክፍል ተኩል ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ ክፍል በጨመረ ቁጥርም ርቀቱ ይሰፋ ነበር። ማለትም መምህሩ የ8ኛ ክፍልን መጽሐፍ ሲያስተምር አብዛኛው ተማሪ ገና የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ትምህርት ላይ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተማሪውና መጽሐፉ ከተራራቁ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው ይጠቁማል።

የማይንድስፓርክ አሠራር እንዲህ ነው። ተማሪው መጀመሪያ አጭር መለኪያ ይፈተናል፤ ኮምፒውተሩም የሚያውቀው የት ላይ እንደሚያበቃ ለይቶ ከዚያ ይጀምርለታል። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ መደመር ካልቻለ፣ ማንም ሳያይበትና ሳያፍር ከክፍልፋይ ይጀምራል። ሲመልስ የስህተቱ ዓይነት ይታያል፤ ለምሳሌ ግማሽና ሲሶን ሲደምር ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ቢመልስ፣ ፕሮግራሙ ይህ የታወቀ የአስተሳሰብ ስህተት እንደሆነ ስለሚያውቅ ያንኑ ስህተት የሚነካ ማብራሪያ ያቀርብለታል። ከ90 ደቂቃው 45ቱ በኮምፒውተር ሲሆን የቀረው 45 ደቂቃ በአነስተኛ ቡድን ከአንድ አስተማሪ ጋር ነበር። ከአራት ወር ተኩል በኋላ የሒሳብ ውጤት ልዩነቱ በጥናት ቋንቋ 0.37 መደበኛ ልይይት ሆነ። በቀላሉ ሲነገር፣ ከ100 ተማሪዎች መካከል 50ኛ ላይ ይቀመጥ የነበረ ልጅ 64 ያህሉን ወደሚበልጥበት ቦታ ከፍ አለ ማለት ነው። በአራት ወር ተኩል ይህ ብዙ ነው። የበለጠ የተጠቀሙት ደግሞ፣ ከመነሻቸው አንጻር ሲታይ፣ ወደ ኋላ ቀርተው የነበሩት ናቸው፤ በመደበኛው ክፍል እነዚህ ልጆች ምንም ዕድገት አያሳዩም ነበርና።

ልብ ይባል፤ በዴልሂ የተገዛው ኮምፒውተር ተራ ኮምፒውተር ነው። ልዩነቱን ያመጣው ማሽኑ ተማሪውን ጠብቆ መቆሙ ነው። አንድ መምህር 60 ተማሪ ይዞ 60 ቦታ ላይ መቆም አይችልም፤ ማሽኑ የሚችለው ይህን ነው፤ የማይችለውን፣ ማለትም ልጁን አበረታትቶ ነገም እንዲመጣ ማድረግን፣ በአጠገቡ ያለው አስተማሪ ይሠራል።

ከዚህም ያነሰ መሣሪያ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን በዘጋ ጊዜ በቦትስዋና ለጥቂት ሺህ ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ ነበር። ከእነዚህ መካከል ለተወሰኑት አንድ መምህር በሳምንት አንዴ ደውሎ ከልጁና ከወላጁ ጋር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ጥያቄውን ያሠራ ነበር። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ብዙም አልተለወጡም፤ የተደወለላቸው ግን ግልጽ መሻሻል አሳዩ። ስማርት ስልክ አላስፈለገም፤ ፎቶ የማያነሣ ቁልፍ ስልክ በቂ ነበር። ጥሪው ልጁ የት ላይ እንደተሰናከለ የሚሰማ ሰው በመስመሩ ማዶ ስላስቀመጠ ሠራ።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ አሠራር እንግባ፤ ምክንያቱም ግዢ ሲታሰብ የሚያጋጥሙት ችግሮች ብዙውን ጊዜ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው የሚገኙት። ስለ ኤሌክትሪክ ስንናገር ሁላችንም መብራት መጥፋቱን እናስባለን። አንድ ስሌት ልሥራ። የአንድ መካከለኛ ታብሌት ባትሪ ወደ 20 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ 50 ታብሌቶች አንድ ላይ ሲሞሉ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል፣ ብክነቱ ሲጨመር ጥቂት ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚስብ ይህ ሁሉ ኃይል እንጀራ ለ20 ደቂቃ የመጋገር ያህል ነው። ስለዚህ ችግሩ የኃይሉ መጠን አይደለም፤ በግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። 50 ቻርጀር በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እየተቀጠለ ሲሰካ ሽቦው ይሞቃል፤ ቻርጀሮቹ ይቀላቀላሉ፤ ሌሊት የሚጠብቃቸው ዘበኛ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ላይ 12ቱ ሳይሞሉ ይገኛሉ። ታብሌቶቹን የሚያስቀምጥና አንድ ላይ የሚሞላ ሣጥን አብሮ ካልተገዛ መምህሩ የክፍለ ጊዜውን ሩብ ባትሪ በማከፋፈል ያሳልፋል። ባትሪውም ቢሆን ከ300 እስከ 500 ጊዜ ከተሞላ በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በየትምህርት ቀኑ ቢሞላ ይህ ሁለት ዓመት ገደማ ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጥሩ መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር መሸጥ የጀመረው ራስበሪ ፓይ የተባለ በመዳፍ የሚያዝ ኮምፒውተር፣ ትልቅ ሚሞሪ ካርድ ወይም ሃርድ ዲስክ ከተገጠመለት፣ እንደ ትምህርት ቤት ሰርቨር፣ ማለትም ይዘት አስቀምጦ ለሌሎች መሣሪያዎች እንደሚያካፍል ኮምፒውተር፣ ሊያገለግል ይችላል። ኮሊብሪና ኪዊክስ የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ካን አካዳሚ የተባለውን ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ቪዲዮዎች፣ መልመጃዎችንና ሙሉ ዊኪፒዲያን በላዩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው። ተማሪዎቹ በዋይፋይ ከሣጥኗ ጋር ይገናኛሉ እንጂ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኙም፤ ስለዚህ የዳታ ወጪ የለም፤ ቴሌግራምም ሆነ ቲክቶክ አይከፈትም። የራሷ ዋይፋይ ለጥቂት ሰው እንጂ ለሙሉ ክፍል ስለማይበቃ ተራ ራውተር ይጨመርላታል። የምትወስደው ኃይል ከአንድ አምፖል ስለማይበልጥ ትንሽ የፀሐይ ፓኔልና ባትሪ ይበቃታል። መምህሩም እያንዳንዱ ተማሪ የትኛውን ጥያቄ እንደተሳሳተ በራሱ ስክሪን ላይ ያያል፤ ይህ ከፍ ብዬ ያልሁት ፊት ማንበብ በሌላ መልኩ ነው።

ዋናው እንቅፋት ይዘቱ ነው። በዚያች ሣጥን ላይ የሚጫነው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ያሉት የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ሲሆን የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ያሉንም መጻሕፍት ቢሆኑ ሁልጊዜ ለማሽን የሚመቹ አይደሉም። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት የጋራ ኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጽሑፎች ሲዘጋጁ የነበሩት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሆነ ውስጣዊ ኮድ ባላቸው ፎንቶች ነበር። እንዲህ ካለ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ቀድቶ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ የሞከረ ሰው ፊደል ሳይሆን ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሲወጡ አይቷል። ለዓይናማ አንባቢ ይህ ትንሽ መጉላላት ነው፤ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም ለሚማር ዓይነ ስውር ተማሪ ግን መጽሐፉ የለም ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ታብሌት ከመግዛቱ በፊት በእጁ ያሉት መጻሕፍት በዩኒኮድ የተጻፉ መሆናቸውን ቢመረምር ወጪው የአንድ ከሰዓት ሥራ ብቻ ነው።

ስማርት ቦርድን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። አብዛኞቹ በጠርዛቸው ዙሪያ በሚያልፍ የማይታይ የብርሃን መረብ የጣትን ቦታ ይለያሉ፤ ጣት ብርሃኑን ሲያቋርጥ ቦርዱ ቦታውን ያውቃል። ለዚህም ነው የልብስ እጅጌ ሲነካውም የሚጽፈው፣ ጠርዙ ላይ የጠመኔ አቧራ ሲከማች ደግሞ የሚሳሳተው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ጠመኔና ስማርት ቦርድ አብረው ቢቀመጡ የሚጎዳው ስማርት ቦርዱ ነው። ጥሩ መምህር ይዞት ጥሩ ያስተምርበታል፤ የተማሪን ውጤት ብቻውን ይለውጣል ብዬ ግን አላምንም፤ እጅግ ውድ የሆነ ጥቁር ሰሌዳ ነውና።

የእጅ ስልክ ጉዳይ ይበልጥ ያከራክራል። የ15 ዓመት ተማሪዎችን ችሎታ በሚለካውና በ81 አገሮችና ግዛቶች በተካሄደው የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የፒሳ ፈተና፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በሌሎች ተማሪዎች ስልክና ኮምፒውተር ትኩረታቸው እንደሚሰረቅ የተናገሩ ተማሪዎች እንዲህ ካላሉት በአማካይ 15 ነጥብ ዝቅ ያለ ውጤት አምጥተዋል። በዚያው ጥናት በትምህርት ቤት በቀን እስከ አንድ ሰዓት ድረስ መሣሪያዎችን ለመማር የተጠቀሙ ተማሪዎች ጨርሶ ካልተጠቀሙት 14 ነጥብ ያህል በልጠዋል። ሁለቱም ዝምድናዎች እንጂ የተረጋገጡ ምክንያቶች አይደሉም፤ ቢሆንም አብረው ሲነበቡ በአንድ ክፍል ያለ አንድ ስልክ ለመማርም፣ የጎረቤትን ዓይን ለመስረቅም እንደሚውል ያሳያሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2023 በዕድሜ ያነሱ ልጆች ከስክሪን ወደ ታተመ መጽሐፍ እንዲመለሱ ወስና ለመጻሕፍት ግዢ 685 ሚሊዮን ክሮና መመደቧ ከዚህ ጋር ይያያዛል። እኛ ጋ ያለው ሁኔታ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ስክሪን አይተው የጠገቡ ክፍሎች የሉንም፤ ለሁለት ተማሪ አንድ መጽሐፍ የሌለባቸው ክፍሎች ግን አሉን። የስዊድንን ውሳኔ ቀድቶ እዚህ መለጠፍ የፔሩን ግዢ ቀድቶ ከመለጠፍ አይሻልም።

አዲሱ እንግዳ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ተማሪዎቻችን ከእኛ ቀድመው ቻትጂፒቲን አውቀውታል፤ የቤት ሥራ በፎቶ አንሥተው ይልኩለታል፤ እሱም ከነአሠራሩ ይመልሳል። ይህ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ እስካሁን ካየኋቸው መልሶች ጥርት ያለው ከቱርክ የመጣው ነው። ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሒሳብ ልምምድ ጊዜ ለሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ በመጽሐፍና በደብተር ብቻ ሠሩ፤ ሁለተኞቹ እንደ ተለመደው ቻትጂፒቲ ያለ፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ረዳት ተሰጣቸው፤ ሦስተኞቹ መልሱን እንዳይሰጥ ይልቁንም መምህራን ባዘጋጁት ፍንጭ እንዲመራ የታዘዘ ረዳት አገኙ። በልምምዱ ጊዜ የሁለተኞቹ ውጤት በ48 በመቶ፣ የሦስተኞቹ ደግሞ በ127 በመቶ ከፍ አለ። ከዚያ ረዳቱ ተወስዶ ሁሉም ብቻቸውን ተፈተኑ፤ መልስ ሲሰጣቸው የነበሩት ምንም ረዳት ካልነበራቸው በ17 በመቶ ዝቅ አሉ፤ ፍንጭ ሲሰጣቸው የነበሩት ግን ያን ያህል ጉዳት አልደረሰባቸውም።

በውስጥ ያለው ሞተር ጂፒቲ-4 የሚባለው ሲሆን በሁለቱም አንድ ነው። የተለየው ትእዛዙ ነው፤ አንዱ ተማሪው ሲደናቀፍ ተሸክሞ ያሻግረዋል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። የሒሳብ ጎበዝ ታላቅ ወንድም ያለው ሰው ሁለቱንም ዓይነት ያውቃቸዋል፤ «አምጣው ልሥራልህ» የሚለውንና «እስኪ የመጀመሪያውን መስመር አሳየኝ» የሚለውን። ወላጆችም ልጆቻቸው የሚጠቀሙበትን ረዳት «መልሱን አትንገረው፣ ፍንጭ ብቻ ስጠው፣ የተሳሳተበትን መስመር ጠይቀው» ብለው ማዘዝ ይችላሉ፤ በአማርኛም ቢሆን ይረዳቸዋል። በአማርኛ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ በተለይ የሳይንስ ቃላትን ሲተረጉም ከመማሪያ መጽሐፉ ቃል ጋር የማይገጥም ስም ፈጥሮ ያስቀምጣልና መጽሐፉን አጠገብ ማድረግ ያሻል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ጉዳዩ ወደ በር ቀርቧል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ሒሳቡን ቢችልም ፈተናው ላይ ጊዜ ያባክናል። የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ በዳንቴል ተሸፍነው፣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ነበር፤ ለመግባት ሁለት ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ባለፈው ዓመት ቁልፉ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተዛውሮ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቀለ፤ ተማሪዎች በአንድ ደብተር ላይ ስማቸውን እየጻፉ ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት መግባት ጀመሩ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ማውዝና አንድ ኪቦርድ ተበላሹ፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊም ይህን በቀይ እስክሪብቶ መዝግበው ክፍሉ እንደገና እንዲቆለፍ በደብዳቤ ጠየቁ። ርዕሰ መምህሯ ደብዳቤውንና የተማሪዎቹን የስም ደብተር ጎን ለጎን አይተው ሌላ አምስት ማውዝ እንዲገዛ ፈረሙ።